ወሬ የሚያሰማ ስፒከር ፍለጋ

አባቴ ወደ ሲሬ ተመልሰው ከታናሽ ወንድሜ ጋር መኖር እንደሚፈልጉ የነገሩን ነሐሴ ውስጥ አንድ ምሽት፣ ራት በልተን ቴሌቪዥኑ ፊት እንደተቀመጥን ነው። ቁጣ አልነበረበትም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡና፣ «አዝመራው ሲደርስ ልጁ መጥቶ ይውሰደኝ። እዚህ እንደ ሶፋ ተቀምጬ ማምሸት ሰለቸኝ» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

እኔና ባለቤቴ ተያየን። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ አሰላ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ቤቱን ለምደውታል፣ እኛም ለምደናቸዋል። ጠዋት በር ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ሲሞቁ ከሚያልፈው የጋሪ ነጂ ሁሉ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ቀኑ አልነበረም የከበዳቸው፤ ማታው ነው።

አባቴ የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት ኮምባይነር ላይ ነው። ከሮቤ እስከ ሲሬ የአርሲን ስንዴና ገብስ ሲያጭዱ ኖረዋል። በዚያን ጊዜ የጆሮ መሸፈኛ የሚያደርግ ኦፕሬተር አልነበረም፤ ሞተሩ ጆሮ ሥር እየጮኸ ነው ቀኑ የሚመሸው። ሐኪም ዘንድ ወስደናቸው ነበር። ወፍራም ድምፅ በደንብ እንደሚሰሙ፣ የቀነሰባቸው ቀጭን ቀጭኑ መሆኑን አስረድቶን የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ አዘዘላቸው። አባቴ መሣሪያውን ጥቂት ቀን ካደረጉት በኋላ አውልቀው ኮመዲኖው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ለምን ስንላቸው፣ «ከኮምባይነር በስንት መከራ ወረድኩ። እናንተ ደግሞ ኮምባይነሩን ጆሮዬ ውስጥ አስገባችሁት» አሉ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ያነሣባቸው ሰው የለም።

ቀድሞ ከመግሪብ ሶላት ሲመለሱ ዜናውን፣ ቀጥሎም ተከታታይ ድራማውን አብረውን ያዩ ነበር። ያልሰሙት ነገር ሲኖር «ምን አለ?» ይላሉ፣ እንነግራቸዋለን። ቀስ በቀስ መጠየቁን ተዉት። ከዚያ እኛ ስንስቅ ትንሽ ዘግየት ብለው መሳቅ ጀመሩ። በመጨረሻ እሱንም ተዉት። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ለእኛ ለጤነኞቹም አላሰማን አለ። ድምፁን ስንጨምረው ባለቤቴን ራሷን ያማታል፤ ስንቀንሰው አባቴ ይነሣሉ።

«ስፒከር እንግዛ» አልኩ አባቴ ሲሬ እሄዳለሁ ባሉ በማግስቱ። «ሆም ቴአትር የሚሉት አለ።»

«ቤት ውስጥ ያለው ቴአትር አነሰህ?» አለች ባለቤቴ።

«የምሬን ነው።»

«እኔም የምሬን ነው። ለመሆኑ አንተ ስለ ስፒከር ምን ታውቃለህ?»

ምንም አላውቅም ነበር። ጋዜጠኛ ነኝ፣ ለብዙ ዓመታት ማይክ ይዤ ሰው አናግሬአለሁ፤ ድምፅ ማስገባት እንጂ ማስወጣት ሥራዬ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ የማላውቀው ጉዳይ ሲሰጠኝ የማደርገውን አደረግሁ፤ ሄጄ መጠየቅ።

ገበያው አካባቢ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ሰውዬ ጨዋታ ወዳድ ነው። ሆም ቴአትር ስለው ደስ ብሎት ከመደርደሪያው ላይ አምስት ትንንሽ ስፒከሮችና አንድ ትልቅ ጥቁር ሳጥን አሳየኝ። ሳጥኑ ሰብዉፈር እንደሚባልና ቤዙ የሚወጣው ከእሱ እንደሆነ ነገረኝ። ዘፈን ከፈተ። የመደርደሪያው መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ በር ላይ የቆመው የባጃጅ ሹፌር አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ትከሻውን ነቀነቀ።

«ሰማኸው ቤዙን?» አለኝ ባለሱቁ እየጮኸ። «ይሄ ወላሂ ሰርግ ያሞቃል!»

«ሰርግ የለብኝም።»

«ዕቃው ካለ ሰርግ አይጠፋም።»

ካርቶኑ ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ የዋት ቁጥር ተጽፏል። «ይህን ማን ለካው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ፋብሪካው ነዋ!»

«ፋብሪካው ስለራሱ ዕቃ መጥፎ ቁጥር ይጽፋል?»

«አንተ ሰውዬ ዕቃ ልትገዛ ነው ልትመረምረኝ የመጣኸው?» ብሎ ሳቀብኝ።

በዚያ ቀን ሌሎች ሁለት ሱቆችም ገባሁ። ሁለቱም ጋ «ድምፁ ጥሩ ነው?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ ያው ሆነ፤ ዘፈን ከፍተው ግድግዳ አንቀጠቀጡልኝ። የመጀመሪያው ሱቅ ዕቃ በዋጋም ደህና መሰለኝና በሚቀጥለው ሳምንት ልገዛው ወስኜ ቤት ገባሁ። ለአባቴም፣ «አባ፣ ለቴሌቪዥኑ ትልቅ ድምፅ ላመጣልዎት ነው» አልኳቸው።

አባቴ ደስ ያላቸው አልመሰሉም። «ድምፅ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። ቀጥሎም፣ የምራቸውን ሲሆኑ እንደሚያደርጉት፣ ወደ ኦሮምኛ ዞሩ፤ «ሰገሌን ጂራ፤ ዱቢን ሂንጂሩ።» ድምፁስ አለ፣ ንግግሩ ነው የሌለው ማለታቸው ነው።

እስከዚያ ቀን «ድምፅ አይሰማኝም» ሲሉ ሁላችንም የገባን ጩኸቱ እንዳነሰባቸው ነበር። ሪሞቱን አንሥተን እንጨምርላቸዋለን፣ ጨምረን ጨምረን ቤቱ ሲናጋ ተስፋ እንቆርጣለን። እሳቸው ግን ድምፅ ሲሉ የሰውን ድምፅ፣ ከሰው አፍ የሚወጣውን ቃል ነው የሚሉት። እኔም ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ ስለ ድምፅ ስጠይቅ ባለሱቆቹ ስለ ሌላው ድምፅ ይመልሱልኛል። ጥያቄው ካልጠራ መልሱ እንደማይጠራ ለጀማሪ ዘጋቢዎች ስንት ጊዜ ነግሬአለሁ።

በድምፅ ሥራ ብዙ ዓመት የቆየ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋ ደወልኩና ሁኔታውን ነገርኩት።

«ቤዙን እርሳው» አለኝ። «እሳቸው ወፍራሙን ይሰማሉ አላልከኝም? በሚሰሙት ላይ ብትጨምርበት የማይሰሙትን ነው የምትሸፍንባቸው። በዚያው ብር አምስት ደካማ ስፒከር ከምትገዛ አንድ ደህና ግዛ። ቴሌቪዥኑ ሥር የሚጋደም ረጅም አለ፣ ሳውንድ ባር የሚሉት። አንዳንዱ ንግግር የሚያጎላ ቁልፍ አለው።»

«ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«ዘፈን አታስከፍት። ሰው ሲያወራ አስከፍት። ደግሞ የምታዳምጠው አንተ አይደለህም፤ አባትህን ውሰዳቸው።»

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ጋብ ሲል አባቴን በባጃጅ ይዣቸው ወደ ሱቁ ሄድኩ። ኪሴ ውስጥ አንድ ፍላሽ ነበር። ሮቤ አካባቢ ስለ ሰብሉ ያነጋገርኩት አንድ ገበሬ አለ፤ አስተያየቱ ጥርት ብሎ የተቀዳ፣ አነጋገሩም ረጋ ያለ ስለሆነ እሱን ገልብጬ ነው የያዝኩት።

«ወሬ?» አለ ባለሱቁ ፍላሹን ሲሰካ። «ስፒከር በወሬ ይሞከራል?»

«የእኛ ቤት ወሬ ነው የሚበዛው።»

ለአባቴ በርጩማ ሰጣቸውና አምስቱን ስፒከሮች ከፈታቸው። ገበሬው መናገር ጀመረ። ዘንድሮ ስንዴው ጥሩ እንደሆነ፣ ስንዴ መዝራት ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለ ስንዴ አይቶ እንደማያውቅ፣ ስንዴውን ዋግ እንዳልነካው ይናገራል። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው አዳመጡ። ከዚያ ቀና አሉና፣

«ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» አሉ።

«ምን ሆነ?»

«‹እንዴ፣ እንዴ› ይላል እኮ። ምን አይቶ ነው እንዲህ የሚደነቀው?»

ባለሱቁ ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ሐኪሙ ቀጭን ድምፅ ያለው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። «ስ» ቀጭን ናት፣ በጥርስ መሃል የምታልፍ ነፋስ ናት። «ስንዴ» ላይ እሷ ስትጠፋ የሚቀረው «እንዴ» ነው። ዕድሜ ልካቸውን ስንዴ ያጨዱ ሰው «ስንዴ» የምትለዋን ቃል መስማት ትተዋል። ማታ ማታ ዜናውም ድራማውም እንዲህ እየተሸራረፈ ነው የሚደርሳቸው ማለት ነው። ሲሬ እሄዳለሁ ቢሉ ምን ይገርማል?

«ቆይ ቆይ፣ ቤዙን ልጨምርላቸው» አለ ባለሱቁ።

ጨመረው። አባቴ እጃቸውን አወዛወዙ። «አሁን ደግሞ ሰውዬው ጉድጓድ ውስጥ ገባ።»

ሳውንድ ባር እንዳለው ጠየቅሁት። ከታችኛው መደርደሪያ አቧራ የለበሰ ረጅም ካርቶን ጎተተ። «አለ፤ ግን ማንም አይጠይቀኝም። ቤዝ የለውም። ከዚህ ወጥተህ ‹ባዶ ዕቃ ሸጠልኝ› እያልክ እንዳታማኝ።» ከካርቶኑ አውጥቶ፣ ገመዱን ፈትቶ ሶኬቱ ላይ እንደሰካው መብራት ጠፋ።

«ይመጣል፣ ይመጣል» አለ ባለሱቁ። መንገዱ ማዶ ያሉት ሱቆችም ጨልመዋል። እስኪመጣ ድረስ ከአባቴ ጋር ጠጋ ብሎ በኦሮምኛ ጨዋታ ጀመረ። የት እንደሠሩ፣ ማን ማን ጋ እንዳጨዱ ይጠይቃቸዋል። እየጮኸ አልነበረም የሚያወራው፤ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ቀስ እያለ ነው፣ እሳቸውም ይሰሙታል። ድንገት ባለሱቁ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«አባቴ ‹ወረፋዬን አሳልፎ ለጎረቤቴ አጨደለት› እያለ እስከ ዛሬ የሚያማው ኦፕሬተር እርስዎ ነዎት እንዴ?»

አባቴ ከልባቸው ሳቁ። «አባትህ ማሳውን ጭቃ አድርጎ ይጠብቀኛል። ኮምባይነር ዋና አይችልም በለው።»

መብራቱ መጣ። ባለሱቁ ያንኑ የገበሬውን ንግግር በሳውንድ ባሩ ከፈተው። እኔ ሪሞቱን ተቀብዬ የሚያወራ ሰው አፍ የተሣለበትን ቁልፍ ተጫንኩ። ለእኔ ጆሮ ድምፁ ትንሽ የሳሳ፣ የደረቀ መሰለኝ። ባለሱቁም ከንፈሩን መጠጠ። አባቴ ግን ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ወደ ዕቃው ጎንበስ አሉ።

«ስንዴ ነው እንዴ የሚለው!»

«ስንዴ ነው፣ አባ።»

«ታዲያ ቅድም ለምን እንደዚህ ብሎ አይናገርም?» አሉ። ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ደግሞ ከዘራቸውን መሬቱ ላይ መታ መታ አደረጉ። «ይሄ ሰውዬ ግን ውሸታም ነው። እንዲህ ያለ ስንዴ አይቼ አላውቅም ይላል? እኔ የሱ መንደር ከዚህ የበለጠ ስንዴ ስንት ጊዜ አጭጃለሁ!»

ዕቃውን አስጠቅልዬ ወጣሁ። ዋጋውም ካሰብኩት አላለፈም። ባለሱቁ እስከ ባጃጁ ድረስ ሸኝቶን፣ «ወሬ ሰልችቷችሁ ዘፈን ስትፈልጉ ተመለሱ» አለን።

የዚያኑ ዕለት ማታ ቡፌው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር አጋደምኩት። መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ኬብሉን አገናኘሁ። አባቴ ዜናውን እስከ መጨረሻው ተቀምጠው ሰሙ። በማግስቱ ለሥራ ወደ ሮቤ ወጣሁና እዚያው ሰነበትኩ።

ስመለስ ባለቤቴና ቴሌቪዥኑ ብቻቸውን ናቸው። የአባቴ ክፍል በር ተዘግቷል።

«ምን ተፈጠረ?» አልኳት።

«ምን እንደተፈጠረማ እንጃ። ያው እንደ ድሮው ሆኗል። ‹ሱቅ የሰማሁት ሌላ ነው፤ ያ አጭበርባሪ ዕቃ ቀየረበት፤ በአባቱ ወረፋ ተበቀለኝ› ይላሉ።» ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ ግን አልሳቀችም። «ደግሞ ለወንድምህ ደውላችሁ መቼ እንደሚመጣ ጠይቁልኝ አሉኝ። እኔስ ምን ልበላቸው?»

ሰው በማጭበርበር ከመወንጀል በፊት ማጣራት ሥራዬ ነው። ወደ ቡፌው ቀረብኩ። ሳውንድ ባሩ አልታየኝም። የታየኝ ዳንቴል ነው። ወፍራም ነጭ ክር፣ መሃሉ ላይ ትልልቅ አበባ የተሠራበት፣ ታጥቦ በስታርች የደረቀ፤ ዕቃውን ከራስ እስከ እግሩ ሸፍኖ፣ ጫፉ ፊት ለፊት እስከ ቡፌው መሳቢያ ወርዷል። ከላዩ የላስቲክ አበባ የያዘ ብርጭቆ ቆሟል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዳንቴል ነዋ። አቧራ ይግባበት ወይ? አዲስ ዕቃ ራቁቱን ይቀመጣል?»

እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፤ ፍሪጁ አለው፤ የሶፋው ክንድ አለው፤ የዲሹ ዴክ እንኳ የራሱ ትንሽ ዳንቴል አለችው። ባለቤቴ ዕቃ የቤት ዕቃ የሚሆነው ዳንቴል ሲለብስ ነው ብላ ታምናለች። የምታውቀውም ቤት ሁሉ እንዲሁ ነው። ይህን ደግሞ ለዚህ ዕቃ ብላ ከሌላ ሥራዋ ጊዜ ሰርቃ የጨረሰችው ነው። ለአባቴ ያመጣነው ዕቃ ስለሆነ አሳምራ ልታለብሰው ነው የፈለገችው። ያን ሁሉ አውቃለሁ። «ስ»ን ግን ያ ወፍራም ክር አላሳልፍ ብሏታል።

አባቴን ጠራኋቸው። ጋቢያቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ። ፍላሹን ሰክቼ የገበሬውን ንግግር ዳንቴሉ እንዳለ ከፈትኩ።

«እንዴ ይላል» አሉ አባቴ ቅር ብሏቸው።

ዳንቴሉን ገለጥኩት።

«ስንዴ።»

ባለቤቴ ጠጋ አለችና ዳንቴሉን ከእጄ ተቀበለች። ራሷ አለበሰችው። «እንዴ» አሉ አባቴ። ራሷ ገለጠችው። «ስንዴ።» እንደገና ልትሞክር ስትል አባቴ፣ «አንቺ ልጅ፣ ሰውዬውን አታስጨንቂው፤ አንዴ አልብሺው፣ አንዴ ግለጪው፣ ብርድ ይመታዋል» አሏት።

ሳቋ ያኔ መጣ። «ኧረ እኔ አላወቅኩም፣ አባ! አቧራው ብዬ ነው እንጂ።»

«አቧራውን እኔ እጠርጋለሁ» አሉ። «ከመኸር አቧራ አይብስም።»

ዳንቴሉ ግን አልተጣለም። ባለቤቴ ዕቃውን አንሥታ ከሥሩ አነጠፈችውና መልሳ አጋደመችው። «ራቁቱን ከሚቀመጥ ምንጣፍ ይኑረው» አለች። የላስቲክ አበባው ወደ ፍሪጁ ላይ ተዛወረ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ያለ ብዙ ወሬ አለፉ፤ ማለቴ ስለ ስፒከሩ ያለ ወሬ ነው እንጂ አባቴ ወሬ በወሬ ሆነዋል። ድራማው ውስጥ ካሉት ሰዎች ጋር ይከራከራሉ። ባሏ የሚዋሻትን ሴት «ስልኩን እዪው፣ ስልኩን!» ይሏታል። ዜና ላይ ባለሥልጣን ሲናገር ደግሞ ወደ እኔ ዞረው፣ «ይህን ያልከው አንተ ነህ?» ይሉኛል፤ የሙያ ጓደኞቼ ስህተት ሁሉ በእኔ ስም ነው የሚመዘገበው። ስለ ሲሬ እሳቸው አላነሡም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ሐሳባቸውን የቀየሩ ይመስለኛል፤ ግን ያልተነገረኝን እንደተነገረኝ አድርጌ መያዝ ልማዴ አይደለም። ባለቤቴ «ጠይቃቸው እንጂ» ስትለኝ «ይንገሩን» እላለሁ።

ኮምባይነሮቹ ተሰልፈው አስፋልቱን ይዘው ማለፍ በጀመሩበት ሰሞን ወንድሜ ከሲሬ መጣ። ጨለም ሲል ነው የደረሰው። በሩን ከፍቶ በትልቁ ድምፁ «አሰላሙ ዓለይኩም!» ሲል አባቴ ሳይዞሩ እጃቸውን አነሡ።

«ወዓለይኩም ሰላም፤ ዝም በል። ልጅቷ ልትነግረው ነው።»

ወንድሜ ዳቦና ቅቤ የያዘ ፌስታል እንዳንጠለጠለ ደጃፉ ላይ ቆመ። ወደ እኔ አየ። እንዲቀመጥ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ድራማው ውስጥ ልጅቷ ነገረችው፣ ሰውዬውም አለቀሰ፣ ማስታወቂያ ገባ። ያን ጊዜ አባቴ ተነሥተው ልጃቸውን አቀፉት፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁት።

«ሁሉም ደህና ነው፣ አልሀምዱሊላህ» አለ ወንድሜ። «ዕቃዎን አሰናድተዋል? ነገ በጠዋቱ ሚኒባስ እንውጣ ብዬ ነው።»

ባለቤቴ ሻይ የምትቀዳበትን እጇን አቆመች። እኔም መልሱን ከእሳቸው አፍ ለመስማት ጠበቅሁ።

«ኮምባይነሩ ገብቷል?» አሉ አባቴ።

«የእኛ ወረፋ በዚህ ሳምንት ነው።»

«እንግዲያው እሄዳለሁ። እኔ ከሌለሁ ግማሹን ማሳው ላይ አራግፈውባችሁ ነው የሚሄዱት።» ሪሞቱን ከሶፋው ክንድ ላይ አንሥተው በእጃቸው መዘኑት። «አጨዳው ሲያልቅ ግን ራስህ ትመልሰኛለህ።»

ወንድሜ ግራ ገባው። «ወዴት ነው የምመልስዎት? ለእርስዎ ብዬ እኮ ክፍል አስለስኜ፣ አልጋ አስገብቼ ነው የመጣሁት። ክፍሉስ?»

ማስታወቂያው አለቀ። አባቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ።

«እህሉን አስገባበት» አሉት፤ ቀጥለውም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።